የአያት ምንሽር ስንት ያወጣል?

ምንሽር የሚለውን ቃል ያልሰማ የከተማ ልጅ የለም። ሽለላው ውስጥ አለ፤ ቀረርቶው ውስጥ አለ፤ ሠርግ ላይ ሞቅ ሲለን ትከሻችንን እየነቀነቅን በምንጮኽባቸው ዘፈኖች ውስጥም አለ። ምንሽር፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ አልቢን፣ ስናድር... ዝርዝሩን እንደ ፊደል ገበታ እናነበንበዋለን። መሐል ላይ አንድ ነገረኛ ተነሥቶ «ቆይ ግን፣ ውጅግራ ከምንሽር በምን ይለያል?» ያለ እንደሆነ ግን ጨዋታው ይፈርሳል። አንዱ ስልኩን ያወጣል፣ አንዱ ይስቃል፣ ሌላው ደግሞ «ኧረ ተወን፣ ያው ጠመንጃ ነው» ይላል።

ዛሬ የምንጽፈው በዚህች «ያው ጠመንጃ ነው» በምትባል መልስ ላይ ነው። መልሷ ቀላል ትመስላለች እንጂ ብዙ ነገር እያስከፈለችን ነው።

እንዴት? በየገጠሩ፣ በየቤተ ዘመዱ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወይም ከአልጋ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ጠብመንጃ አይጠፋም። ባለቤቱ አያት አርፈዋል። ጥይቱ ከገበያ ከጠፋ ዘመን የለውም። አጎት ከተማ ላለው የተማረ ዘመድ ይደውልና «ይኼን ነገር ምን ብናደርገው ይሻላል?» ይላል። የተማረው ዘመድም ለማሰብ ጊዜ ሳይወስድ «ይሸጥ» ይላል። ስንት ያወጣል? ቢተኩስ ኖሮ ዋጋ ነበረው፤ ካልተኮሰ ያው ብረት ነው፤ የብረት ዋጋ ይጠየቅበታል። አለቀ።

እኛ ግን አላለቀም እንላለን። የአሮጌ ጠብመንጃ ዋጋ ያለው በላዩ ላይ በተጻፈውና ስለ እሱ በሚታወቀው ነገር ነው። የተጻፈው በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ፣ የሚታወቀው ከአዛውንቶቹ ጋር ሲቀበር፣ በእጅ የሚቀረው ብረቱ ብቻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ «ስንት ያወጣል?» ብሎ መጠየቅ ገለባውን ይዞ የስንዴ ዋጋ እንደመጠየቅ ነው።

ራምቦ ሲነግድ፣ ምኒልክ ሲከራከሩ

ነገሩ አዲስ አለመሆኑን የምታሳይ አንዲት ታሪክ እናስቀድም። እ.ኤ.አ. በ1885 ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ (የፊልሙን ራምቦ እርሱት፤ ሐረር ውስጥ ቤት የተሰየመለትን ማለታችን ነው) ታጁራ ተቀምጦ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ጠብመንጃ የሚያደርስ ቅፍለት ያዘጋጅ ነበር። ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ሒሳቡን ሳይደብቅ አስቀምጦታል፦ ጠብመንጃዎቹ አውሮፓ ውስጥ ከአገልግሎት ከወጡ አርባ ዓመት የሆናቸው ናቸው፤ ቤልጅግ አገር ሊዬዥ ከተማ፣ አሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ፣ አንዱ 7 ወይም 8 ፍራንክ ያወጣል፤ ሸዋ ሲደርስ ግን 40 ፍራንክ ገደማ ይሸጣል።

ልብ በሉ፤ ጣጣው ያን ጊዜም «አሮጌ የጦር መሣሪያ ስንት ያወጣል?» የሚል ነበር። አውሮፓ ጦሩን በአዲስ መሣሪያ ባስታጠቀ ቁጥር አሮጌው ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ነጋዴ፣ ከነጋዴው ወደ እኛ ይመጣ ነበር። ራምቦ በ1887 እ.ኤ.አ. ዕቃውን ይዞ ሸዋ ሲደርስ ግን ያሰበው ትርፍ አልጠበቀውም። ምኒልክ በዋጋው ተከራከሩት፣ አስቀነሱት፤ ገንዘቡንም ሐረር ወርዶ ከመኮንን (ኋላ ራስ) እጅ እንዲቀበል አሰናበቱት። በዚያ ላይ የሞተው ሸሪኩ አበዳሪዎች ተረባረቡበት። ሰውየው እያማረረ ተመለሰ።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ነገር አለ። ያን ጊዜ ቤተ መንግሥት የነበሩት ሰዎች ጠብመንጃ ሲመጣላቸው «ያው ጠመንጃ ነው» አላሉም። የየትኛው አገር ሥራ እንደሆነ፣ ያረጀ ይሁን ያላረጀ፣ ጥይቱ ይገኝ እንደሆነ ለይተው ያውቁ ነበር። ለዚህም ነው በየስሙ የጠሩት። ስም የሚወጣው ለተለየ ነገር ነው።

ስሞቹ ምን ይሉናል?

የቀረርቶውን ዝርዝር አንድ በአንድ እንየው። አብዛኞቹ ስሞች የአውሮፓ ቃላት በእኛ አፍ ተለሳልሰው የወጡ ናቸው።

ስናድር፦ የእንግሊዝ ሥራ፤ ስሙም ስናይደር ከሚለው የመጣ ነው። የእንግሊዝ ጦር በ1866 እ.ኤ.አ. ተቀብሎታል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የወጣው የናፒየር ጦር የያዘውም እሱን ነው። ጥይት የሚጎርስበት ክዳን እንደ ሣጥን ክዳን ወደ ጎን ይከፈታል። ጎኑ ላይ ካለው የብረት ሰሌዳ ላይ የእንግሊዝ ዘውድ ይፈለጋል።

ሬሚንግተን፦ የአሜሪካ ፈጠራ ነው፤ ወደ እኛ በብዛት የገባው ግን በግብፅ በኩል ነው። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራዕ ላይ የተሸነፈው የግብፅ ጦር የታጠቀው ይኼን ነበር። ላዩ ላይ የዓረብኛ ጽሕፈት ካለበት ታሪኩን ራሱ ተናገረ ማለት ነው።

ውጅግራ፦ ፈረንሳይኛው «ፉዚል ግራ» ነው፤ የግራ ጠብመንጃ ለማለት። ባዚል ግራ የተባለ መኮንን የሠራው የ1874 እ.ኤ.አ. ሞዴል ሲሆን አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚጎርሰውም አንድ ጥይት ብቻ ነው። በግራ ጎኑ የሞዴሉ ዓመትና የፋብሪካው ከተማ ስም ተቀርጾ ይገኛል፤ ከነዚህ አንዱ ሴንት ኤቲየን ነው።

ለበን፦ የፈረንሳዩ ለቤል፣ የ1886 እ.ኤ.አ. ሞዴል። ጭስ አልባ ባሩድ ይዞ ለጦር ሠራዊት የተሰጠ የመጀመሪያው ጠብመንጃ ነው። 8 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከአፈሙዙ ሥር ባለው ቱቦ ውስጥ 8 ጥይት ይይዛል።

ቬተርሊ፦ የጣልያን የ1870 እ.ኤ.አ. ሞዴል፤ 10.35 ሚሊ ሜትር። መጀመሪያ አንድ ጥይት ብቻ ነበር የሚጎርሰው፤ ከ1887 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አራት ጥይት የሚይዝ ሣጥን ከሥሩ ተገጠመለት። ቶሪኖ፣ ብሬሻ፣ ቴርኒ እና ቶሬ አኑንዚያታ በሚባሉ ከተሞች ተሠርቷል። ዓድዋ ላይ አብዛኛው የጣልያን ወታደር የያዘው ይኼን ነው።

ቤልጅግ፦ ሄርስታል በሚገኘው የቤልጅግ ፋብሪካ የተሠራው ሞዘር። የ1924 እና የ1930 እ.ኤ.አ. ሞዴሎች ለኢትዮጵያ ተገዝተው ነበር። ጥይቱ የሚጎርስበት ቦታ አናት ላይ የይሁዳ አንበሳ የተመታባቸው አሉ።

ምንሽርስ? ስሙ ከኦስትሪያዊው ማንሊኸር እንደመጣ ይነገራል። ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1891 እ.ኤ.አ. የወጣው የጣልያን ካርካኖ (6.5 ሚሊ ሜትር፣ ስድስት ጥይት የሚጎርስ) የጥይት አጎራረሱን የወሰደው ከማንሊኸር ስለሆነ «ማንሊኸር ካርካኖ» እየተባለም ይጠራል። በየሰፈሩ ደግሞ ረዘም ያለ አሮጌ ጠብመንጃ ሁሉ ምንሽር ይባላል። ስለዚህ «የአያቴ ምንሽር» የተባለው ዕቃ የኦስትሪያ ሊሆን ይችላል፣ የጣልያን ሊሆን ይችላል፣ ከሁለቱም ውጭ ሊሆንም ይችላል። ስሙ መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም። መልሱ ብረቱ ላይ ነው።

1888 ሲባል የየትኛው 1888?

ብረቱን ስናነብ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አንዲት ነጥብ አለች። አንድ ቬተርሊ አፈሙዙ ላይ «1888» የሚል ተቀርጾበት ቢገኝ የማንኛችንም ልብ ይመታል። ዓድዋ ነዋ! የካቲት 23 ቀን 1888! ግን ጣልያን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አይጽፍም። ያ 1888 የአውሮፓ ነው፤ በእኛ 1880 ወይም 1881 ማለት ነው። ጠብመንጃው ዓድዋ ላይ ነበረ ሊባል ይችላል፤ የተሠራው ግን ከዓድዋ ስምንት ዓመት ገደማ በፊት ነው። «የዓድዋ ጠብመንጃ ነው» ተብሎ 1917 የሚል ዓመት ከተገኘበት ደግሞ አቆጣጠሩን ማስላት እንኳ አያስፈልግም፤ ታሪኩ የሌላ ጠብመንጃ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። አያት «በ28 ዓ.ም. ከጣልያን የማረክሁት» ይሉ ነበር። የልጅ ልጅ ብረቱን አየና «1935» የሚል አነበበ፤ «አያቴ ትንሽ ቀባብተውታል» ብሎ ፈገግ አለ። ኧረ ቀስ! 1935 የአውሮፓ ማለት በእኛ 1927 መጨረሻና 1928 መጀመሪያ ነው። አዛውንቱ ልክ ናቸው፤ ብረቱም መሰከረላቸው። ከዓመቱ አጠገብ የሮማ ቁጥር ካለ ደግሞ ምስክርነቱ ይጠናከራል፤ ፋሺስቶቹ ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምረው የራሳቸውን ዘመን ይቆጥሩ ነበርና።

ሌላው ተራ ቁጥሩ ነው። አብዛኞቹ የጦር ጠብመንጃዎች ቁጥራቸው አንድ ቦታ ብቻ አይመታም፤ አካሉ ላይ፣ ጥይት የሚያቀባብለው ብረት ላይ፣ አንዳንዴ እንጨቱ ላይም ይደገማል። ቁጥሮቹ ከተመሳሰሉ ጠብመንጃው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ከተለያዩ ደግሞ አንድ ቀን አንድ ሰው ከሁለት የተሰበሩ ጠብመንጃዎች አንድ የሚሠራ አውጥቷል ማለት ነው። ሰብሳቢዎች ለመጀመሪያው ብዙ ይከፍላሉ። እኛ ግን ሁለተኛውም ታሪክ ነው ባይ ነን። ፋብሪካ በሌለበት፣ በረሃ ውስጥ፣ በአምስቱ ዓመት መከራ መሐል የተጠገነ ጠብመንጃ ከፋብሪካ እንደወጣ ካልተነካው ያነሰ የሚናገረው ነገር የለውም።

የጠፍሩ ዋጋ

ወደ ገበያው እንምጣ። ከ2010ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠብመንጃዎች አሜሪካ ውስጥ በአስመጪዎች በኩል ሲሸጡ ቆይተዋል። ቬተርሊ፣ ግራ፣ ካርካኖ፣ ሞዘር... የቀረርቶው ዝርዝር በሙሉ ማለት ይቻላል። በጥቂት መቶ ዶላር፣ በደረጃ በደረጃ ተከፍለው፦ ደህና፣ መካከለኛ፣ የተሰነጠቀ፣ ለመለዋወጫ የሚሆን።

በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በ1898 እ.ኤ.አ. ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ጠብመንጃ ጥንታዊ ዕቃ ነው፤ እንደ ዘመናዊ መሣሪያ ቁጥጥር አይደረግበትም። ዓድዋ በ1896 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ዓድዋ ላይ የተተኮሰ ጠብመንጃ ሁሉ እዚያ አገር በጥንታዊ ዕቃ መደብ ውስጥ ይገባል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ነገሩን የሰሙት ከአገር ቤት ዜና ሳይሆን ከሽያጭ ማስታወቂያ ነው።

እኛን ያሳዘነን መሸጡ ብቻ አይደለም። ደረጃው የወጣበት መንገድ ነው። ብዙዎቹ ጠብመንጃዎች አንገታቸው ላይ፣ ሰደፉ ከብረቱ በሚገናኝበት ቦታ፣ በጠፍር የተጠቀለሉ ናቸው። እንጨቱ ሲሰነጠቅ ባለቤቱ እርጥብ ቆዳ ጠቅልሎበት፣ ቆዳው ሲደርቅ እየጠበቀ ይዞታል። አንዳንዱ ሰደፍ የናስ ምስማር ተደርድሮበታል። በገበያው ቋንቋ ይኼ «ጉዳት» ነው፤ ዋጋ ይቀንሳል። ለእኛ ግን ከጠብመንጃው ሁሉ የኢትዮጵያ ሥራ የሆነው እሱ ብቻ ነው! ብረቱ የቶሪኖ ነው፤ እንጨቱም የቶሪኖ ነው፤ ጠፍሩ ግን የኛ ሰው እጅ ነው። ቶሪኖ እልፍ ቬተርሊ ሠርቷል፤ ያንን ጠፍር የጠቀለለው ግን አንድ ሰው ነው። ዋጋ ትመን የተባለው እኛ ብንሆን ከጠፍሩ እንጀምር ነበር።

ፈረንጁን መውቀስ ግን አይዋጣልንም። ሻጭ የሚያውቀውን ያህል ነው የሚያስከፍለው፤ ገዢም የተነገረውን ያህል ነው የሚከፍለው። ከእያንዳንዱ ጠብመንጃ ጋር «ይኼ ከእገሌ አገር የመጣ፣ በእገሌ እጅ የነበረ» የሚል አንዲት ቁራጭ ወረቀት ቢኖር ኖሮ ቢያንስ ታሪኩ አይሸጥም ነበር። ብረቱ ሄደ ብለን ሳናበቃ ታሪኩም ሳይጻፍ ሄደ። ራምቦ በ7 ፍራንክ ገዝቶ ያመጣውን ዓይነት ዕቃ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ መልሰን በጅምላ ስንሸጥ በመሐሉ ምን እንደሆነበት ሳንናገር ነው የሸጥነው። የጨመረው ዋጋ ግን ያ በመሐሉ የሆነው ነገር ነበር።

«በዚህ ዘመን ስለ ጠመንጃ?»

ይኼ ጥያቄ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ መምጣቱም ተገቢ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት አገራችን በጠመንጃ ያየችውን መከራ አይቶ ስለ ጠመንጃ ውበት የሚጽፍ ልብ የለንም። ጠመንጃን በማወደስ የጠገብን ትውልድ ነን።

ነገር ግን ቀረርቶውና ማንበቡ ለየቅል ናቸው። ቀረርቶው ጠብመንጃውን ጀግና ያደርገዋል። ብረቱ ላይ የተጻፈው ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በውጫሌ ውል (1881 ዓ.ም.) ዘመን ለምኒልክ ጠብመንጃ ያቀርብ የነበረው ጣልያን፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ በጠብመንጃ መጣ። በ1935 እ.ኤ.አ. ሒትለር ለኢትዮጵያ በድብቅ 10,000 ገደማ ሞዘር እንዲደርስ ያደረገው ለእኛ አዝኖ አልነበረም፤ ያን ጊዜ በኦስትሪያ ጉዳይ ሙሶሊኒ እንቅፋት ሆኖበት ስለነበር እኛ ዘንድ እንዲጠመድለት ነው። እያንዳንዱ ብረት የሌላ አገር ፋብሪካ፣ የሌላ አገር ጥቅም፣ የሌላ አገር ትርፍ ዕቃ መሆኑን ፊት ለፊት ይነግረናል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ በደንብ ያነበበ ሰው በጠመንጃ መፎከር ይከብደዋል። እኛ የምንፈልገውም ይኼንኑ ነው፦ ጠብመንጃው መተኮሱን ትቶ ይናገር።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ነገር አናወራም። ቤተሰባችሁ ውስጥ አሮጌ ጠብመንጃ ካለ፦

በመጀመሪያ ሕጉን እወቁ። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ወንጀል ነው። «አሮጌ ነው» ማለት መልስ አይሆንም። ይዛችሁት አትዙሩ፤ ወደ ከተማ ላምጣው አትበሉ። የቤተሰቡ ታላቅ ቀርበው ፖሊስን ይጠይቁ። ጥይት የሌለበት መሆኑንም የሚያውቅ ሰው ሳያረጋግጥ ማንም አይንካው።

ሁለተኛ፣ አትፈግፍጉት። ዝገቱ ቢያስጠላም በብርጭቆ ወረቀት አይፈተግ፤ ሰደፉ ቀለም አይቀባ፤ ጠፍሩ አይፈታ። አንድ ከሰዓት የሚፈጅ «ጽዳት» መቶ ሠላሳ ዓመት የቆየ ጽሑፍ ያጠፋል።

ሦስተኛ፣ ፎቶ አንሱት። ስልኩ እጃችሁ ላይ ነው። አካሉን ከሁለቱም ጎን፣ ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ ከላይ፣ ማነጣጠሪያውን፣ ቁጥሮቹን በሙሉ፣ እንጨቱ ላይ ያለውን ምልክት ሁሉ። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የደበዘዘ ጽሑፍ ይነበባል።

አራተኛና ዋናው፣ ጠይቁ። አያት ቢያርፉ እማማ አሉ፤ እማማ ባይኖሩ የጎረቤት ሽማግሌ አለ። ከማን ተገዛ? በስንት በሬ ተለወጠ? ከማን ተማረከ? ጠፍሩን ማን ጠቀለለው? መልሱን በድምፅ ቅዱ፤ ከፎቶው ጋር አንድ ላይ አስቀምጡ። ብረቱ የሚለውና ሰው የሚለው ባይገጥም እንኳ ሁለቱንም ጻፉ፤ ቤተሰብን አናሳፍርም ብላችሁ አንዱን አትሰርዙ።

ለመንግሥትም አንዲት ቃል አለችን። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ጥያቄያችን ቀላል ነው፦ አንድ መጋዘን ሊጸዳ ሲታሰብ ከመጫኑ በፊት ማን ገብቶ ያነባል? ሁሉም ጠብመንጃ ሙዚየም ይግባ አላልንም። አንድ ሺህ ተመሳሳይ ካርካኖ ማን ያስቀምጣል? ነገር ግን አንድ የታሪክ ባለሙያ፣ አንድ ፎቶ አንሺና አንድ መዝገብ ከጭነት መኪናው ይቅደሙ። ፒያሳ ላይ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም ይኼን ሥራ ቢጀምር ያምርበታል። ሕዝቡ ጠብመንጃውን ሳያመጣ ፎቶውንና ታሪኩን ብቻ ይዞ የሚመጣበት አንድ ቀን በየዓመቱ ቢመደብ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ማንም ያልጻፈው መጽሐፍ ይወጣዋል።

ወደ ርእሳችን እንመለስ፤ የአያት ምንሽር ስንት ያወጣል? ለሚያነበው ሰው ብዙ ያወጣል፤ ለማያነበው በኪሎ ይመዘናል። አጎታችሁ የደወሉ ዕለት «ይሸጥ» ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ በሏቸው፦ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ላዩ ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ።»